ነጭ ሆነው የታዩት በረሮዎች

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምንኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ለምታሳድጋት ቢርድድ ድራገን ለምትባለው እንሽላሊት ቀለብ እንዲሆኑ ዱቢያ በረሮዎችን በፕላስቲክ ሣጥን እናራባለን። በቅርቡ ከቡናማዎቹ መካከል እንደ ወተት የነጣ አንድ በረሮ አይተን በማግስቱ ብንፈልገው አጣነው። ሌላው ደግሞ ሰውነቱ ቡናማ ሆኖ ዐይኖቹ ብቻ ነጭ ናቸው። ይህ በሽታ ነው ወይስ አዲስ ዝርያ? እንሽላሊቷ ብትበላቸውስ ምን ይደርስባታል?
ወ/ሮ ሰ.

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ የመጀመሪያው በረሮ የትም አልጠፋም፤ ቀለሙ ተመልሶለት ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል። የበረሮ ቅርፊት ከአካሉ ጋር አብሮ ስለማያድግ፣ ዱቢያ ከተወለደ ጀምሮ ሙሉ በረሮ እስኪሆን ድረስ ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል አሮጌውን ቅርፊት ጀርባው ላይ ሰንጥቆ ይወጣል። አዲሱ ቅርፊት ለስላሳና ነጭ ሲሆን፣ የሚጠነክረውም የሚጠቁረውም በአንድ ኬሚካላዊ ሂደት ነው፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። በሣጥኑ ውስጥ በረሮዎቹ የሚደበቁበት የእንቁላል ካርቶን ካለ፣ ቀስ ብለው ቢያነሡት፣ ከነጩ በረሮ አጠገብ ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ልባስ ሊያገኙ ይችላሉ። በዚያ ሰዓት ግን በእጅ አይንኩት፤ በቀላሉ ይጎዳል፤ ውኃና ምግብ ባነሰበት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ በረሮዎች ይነክሱታል።

ሁለተኛው በረሮ ግን በእውነት የተለየ ነው፤ እኛንም ያስደሰተን የእርሱ ነገር ነው። የዐይን ቀለም የሚመጣው ከቅርፊቱ ሳይሆን ዐይን ውስጥ ካለው ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ገና ቅርፊቱን የጣለ በረሮ ሰውነቱ ቢነጣም ዐይኑ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ሰውነቱ ጠቁሮ ዐይኑ ብቻ የነጣ ሲሆን ግን የዘረመል ለውጥ መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ዐይናቸው ነጭ የሆኑ ዱቢያዎችም በአርቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። እርስዎ በሚኖሩበት በቨርጂኒያ፣ በግዛቲቱ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ሜሪ ሮስና ዶናልድ ኮክራን የተባሉ ተመራማሪዎች በየቤቱ በሚገኘው የጀርመን በረሮ ላይ የሰውነትና የዐይን ቀለም ለውጦች እንዴት እንደሚወረሱ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል።

ለውጡ የሚወረስ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዘሩ ብቻ ነው። ሴት በረሮ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ከተራባች በኋላ የወንዱን ዘር በሰውነቷ አቆይታ ደጋግማ መውለድ ስለምትችል፣ ለሙከራ የምትመረጠው ሴት ሙሉ በረሮ ከመሆኗ በፊት ለብቻዋ መለየት አለባት። ፆታዋን ለማወቅ ሆዷን ገልብጠው ይመልከቱ፤ የሴቷ የመጨረሻ ክፍል ሰፊና አንድ ወጥ ሲሆን የወንዱ ጠባብ ነው። ለውጡ ድብቅ ባሕርይ ከሆነ፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉ ጥቁር ዐይን ይዘው ይወለዳሉና፣ በዚህ ተስፋ ቆርጠው ለእንሽላሊቷ እንዳይሰጧቸው አደራ እንላለን። እነርሱ እርስ በርስ ሲራቡ በአማካይ ከአራቱ አንዱ ነጭ ዐይን ይኖረዋል፤ ከነጭ ዐይኑ ወላጅ ጋር መልሰው ቢያራቧቸው ደግሞ ግማሾቹ። ከፆታ ጋር የተያያዘው የዘር ተሸካሚ፣ ኤክስ ክሮሞዞም፣ በሴቷ ሁለት ሲሆን በወንዱ አንድ ብቻ በመሆኑና አንዳንድ ባሕርያትም በዚያ ላይ ስለሚገኙ፣ የእያንዳንዱን ፆታ ጭምር መመዝገብ ያስፈልጋል። እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ፣ እድገቱም ወራትን ስለሚወስድ፣ ሣጥኑን ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢያሞቁትም ሁለት ትውልድ ለማየት ከአንድ ዓመት በላይ መታገሥ ግድ ይላል።

ምናልባት ወደፊት ገርጣ ያለ፣ ወንዱም ሴቷም ረጅም ክንፍ ያላቸው በረሮ ቢያገኙ፣ ያ የቀለም ለውጥ ሳይሆን ከሻጩ ተቀላቅሎ የመጣ ዲስኮይድ የሚባል ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል። የዱቢያ ሴት ክንፏ አጭር ጉቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዝርያዎች እርስ በርስ አይዳቀሉም።

ስለ ቀለቡ ስጋት አይግባዎት። ነጩ በረሮ ለስላሳ ስለሆነ እንሽላሊቷ ያለ ችግር ትበላዋለች፤ የነጭ ዐይኑም ቀለም ጉዳት የለውም። በአንጻሩ ሆዱ ጠቁሮ የላሸቀ፣ የሚሸት ወይም መንቀሳቀስ ያቃተው በረሮ ካዩ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ወዲያው ያውጡት። ነጭ ዐይኑ በረሮ ሙከራው ሳያልቅ ቢሞትብዎ ደግሞ፣ በአንድ ሣጥን አብረውት የተወለዱት ወንድሞቹና እኅቶቹ ያንኑ ዘር ደብቀው ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ለዘር ያስቀሩ።