“ተጠቃሚ” ብለን የመዘገብናቸው ሠራተኞች

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ “ሶሻል ኢንተርፕራይዝ” በሚባለው፣ የተቸገሩ ሰዎችን ለመደገፍ ብሎ በሚነግድ ድርጅት ውስጥ መቀጠር፣ አንዳንዶቻችሁም ራሳችሁ መክፈት እንደምትፈልጉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። እኔም ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ የሠራሁት እንዲህ ባለ አንድ የሽመና ድርጅት ውስጥ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶችና ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሰዎች አብረውን ይሠሩ ነበር። በዚያ ገቢ ልጆች ተምረዋል።

ምን እንዳገኙ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ከብሩ በፊት ሌላ ነገር ያነሳሉ። ጣቶቹን በበሽታው ያጣ አንድ ጥልፍ ሠሪ “ከሰው ጋር አንድ ትሪ ቀረብኩ” ብሎኛል። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክመው አለርት ሆስፒታልም ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አብሯቸው ለመብላት የሚያመነታ ሰው ግን አሁንም አይጠፋም። ሴቶቹ ደግሞ ዕቁብ መግባታቸውን ያነሱ ነበር። ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ለሌለው ሰው ዕቁብ የት ይገኛል?

አሁን ወደሚቆጨኝ ልምጣ።

በመዝገባችን ላይ እኛ የቢሮዎቹ “ሠራተኛ” ነበርን። የሚፈትሉትና የሚሸምኑት “ተጠቃሚ” ይባሉ ነበር። ቃሉ ለረጂዎች ከምንጽፈው ሪፖርት የመጣ ነው። ማንም ክፉ አላሰበበትም። ግን ተጠቃሚ የተባለ ሰው ያመሰግናል እንጂ “ሒሳቤ የታል?” አይልም። ይሉኝታ ይይዘዋል። “ከጫካ ያወጡኝን ሰዎች እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?” ይላል።

በ2000 ዓ.ም. የገባች አንዲት ፈታይ ነበረች። ክፍያዋ በፈተለችው ልክ ነው። ትእዛዝ ሲበዛ ጥሩ ታገኛለች፣ ሲቀንስ ባዶ እጇን ትገባለች። በ2012 ኮሮና መጣ። ቱሪስት ቀረ፣ የውጭ ትእዛዝም ቆመ። የእኛ የቢሮዎቹ ደሞዝ በየወሩ ገባ። እሷን ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አገኘኋት። የባሕር ዛፍ ጭነት ጀርባዋ ላይ ነበር። “ለምን አልነገርሽንም?” ስላት፣ “እትዬ፣ ስንቱን አድርጋችሁልኝ ደግሞ ላስቸግራችሁ?” አለችኝ።

ያን ዓመት ተጣልተን፣ ተለማምነን፣ ትእዛዝ ኖረም አልኖረ የማይቀር ወርኃዊ ክፍያ አስወሰንን። ሁሉንም ሠራተኛ ብለን መዘገብን፣ ጡረታም ጀመርንላቸው። ከደሞዛቸው ላይ ከእነሱ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕጉ ግን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዘግይተናል። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝና ይህ ጥፋት የእኔም ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስትገቡ መጀመሪያ መዝገቡን እዩ። ሰዎቹ ምን ተብለው ተጽፈዋል? ውል አላቸው? በጽሑፍ ካልተዋዋሉ አሠሪው የውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጣቸው የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ያዛል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት፤ ቸኩላችሁ አታስፈርሙት። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለንም፤ ስለዚህ ስንት ቢከፈል ያኖራል የሚለውን ራሳችሁ አስሉ። የጤፍና የቤት ኪራይ ዋጋ ይዛችሁ አስሉት።

ፎቶም አለ። የሴቶቹን ምስልና የመከራቸውን ታሪክ ነጠላው ላይ አንጠልጥለን ሸጠናል። እሺ ብለው ነበር። ደሞዝ የሚከፍላቸውን ሰው እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ነጠላው ጥሩ ከተሸመነ ያለ ታሪኩም ይሸጣል። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያቺ ፈታይ በ2017 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላት። ወርኃዊ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 17 ዓመት ፈትላ የተቆጠረላት 5 ዓመት ብቻ ነው። አሁን ቤቷ ሆና ለሰፈር ሸማኔዎች ትፈትላለች። አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፣ ቡና ታፈላልኛለች። የጡረታውን ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።