ጦጣዎቹ አይተኙም ወይ?

ልጆች እንደምን ናችሁ። እዚህ ሐዋሳ ባዮሎጂ እየተማራችሁ ሴኒየር ፕሮጀክቴን (የመመረቂያ ጥናቴን) በእንስሳት ባህርይ ላይ ልሥራ ወይ እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። እኔም ተማሪ ሆኜ እዚህ ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ፓርክ ጦጣ ነበር የማጠናው፣ ደብተር ይዤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተመላለስኩ፣ ሲጣሉ እጽፋለሁ፣ አንዱ የሰው ሙዝ ነጥቆ ሲሮጥ እጽፋለሁ፣ ደብተሩ ሞላ እኔም ኮራሁ። አድቫይዘሬ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና "እነዚህ ጦጣዎች አይተኙም ወይ?" አሉኝ። በቃ፣ ሦስት ሳምንት ገደል ገባ። ለካ ጦጣውን ሳይሆን ጫጫታውን ነው ስከተል የከረምኩት፣ ቁጭ ብሎ ቅጠል የሚያኝከው፣ ጥላ ስር የሚያንጎላጀው አንዱም ደብተሬ ላይ የለም፣ ያንን ያነበበ ሰው ጦጣ ቀኑን ሙሉ ሲደባደብ የሚውል ነው የሚመስለው።

የዚህ መድኃኒት ደግሞ ከተገኘ ቆይቷል። ኬንያ አምቦሴሊ ዝንጀሮ ስታጠና የኖረችው ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ ያየኸውን ሁሉ እየለቃቀምክ አትጻፍ፣ አንድ እንስሳ ቀድመህ ምረጥ፣ የተወሰነ ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተል ነው ነገሩ። 10 ደቂቃ ካላችሁ 10 ደቂቃ፣ ቢተኛም እንቅልፉን ጻፉ፣ ከጀርባችሁ ጠብ ቢነሳ እንኳን ዞር እንዳትሉ (ይሄ ከባዱ ነው፣ አንገት በራሱ ይዞራል)።

አጻጻፉስ? "ተናደደ" ብላችሁ አትጻፉ። ንዴት አይታይም፣ የሚታየው ጥርሱን ማሳየቱ ነው። ስለዚህ ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለት ሶስት ቀን ዝም ብላችሁ አይታችሁ የምትመዘግቧቸውን ድርጊቶች ከነትርጉማቸው ዘርዝሩ፣ ኢቶግራም የሚባለው እሱ ነው።

አሳ ገበያው ጋ ያሉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ታውቋቸው የለ፣ አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ የሚቆሙትን። እግራቸው ነጭ ይመስላችኋል አይደል? ነጭ አይደለም ጥቁር ግራጫ ነው፣ የነጣው በኩሳቸው ነው፣ ሲሞቃቸው እግራቸው ላይ ይለቁታል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሎሬንዝና ከፎን ፍሪሽ ጋር ኖቤል የተሸለመው የእንስሳት ባህርይ አጥኚ ቲንበርገን በ1963 ለማንኛውም ባህርይ አራት ጥያቄ ጠይቁ ብሎ ነበር፣ በዚህች ኩስ ላይ እንሞክረው፣ ምን ሲሰማው ነው የሚለቀው? ጫጩት ሆኖም ያደርገዋል ወይስ እያደገ ነው የሚጀምረው? ምን ይጠቅመዋል? ዘመዶቹ ላይስ አለ ወይ? አሁን በወጉ የመለስኩላችሁ ሦስተኛውን ብቻ ነው፣ ብዙ ተማሪ እሱን መልሶ ጨረስኩ ይላል።

ሌላው፣ እናንተም ትታያላችሁ። በርሊን ውስጥ ሂሳብ ያውቃል የተባለ ሀንስ የሚሉት ፈረስ ነበረ፣ መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ነበር የሚቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ ሲያጣራው ፈረሱ የጠያቂውን የፊትና የአንገት እንቅስቃሴ ነው የሚያነበው። የአሞራ ገደል ጦጣ ደግሞ ቦርሳችሁን ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ኦቾሎኒ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደግሞም አትንኳቸው፣ ንክሻቸው በእብድ ውሻ በሽታ ሊያስጠረጥር ይችላል።

ቤተሰብ "ጦጣ ቆጥረህ እንጀራ ትበላለህ?" ሲላችሁ ስለ ላም አውሩላቸው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ነው፣ እሱም ለሰዓታት ብቻ፣ ምልክቱን፣ ማለትም ሌላ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ መቆሟን ያላየ ገበሬ አዳቃይ ሳይጠራ ያልፈውና ሦስት ሳምንት ወተቱን ይከስራል። ማየት የሚችል ሰው እዚያ ይፈለጋል።

በመጨረሻ ብቻችሁን አትሥሩ፣ ሁለት ሆናችሁ አንዱን እንስሳ እዩና ደብተራችሁን አስተያዩ። እኔና ጓደኛዬ አንድ ጉሬዛ አንድ ሰዓት አይተን እኔ "አርፏል" ብዬ እሱ "ይጠብቃል" ብሎ ጽፎ እስከ ምሳ ተጨቃጨቅን፣ ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው መልስ የለውም፣ ማረፉን በምን አወቅህ ሲለኝ ደግሞ እኔም የለኝም። ሁለቱንም ሰርዘን "ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ ሀይቁ" ብለን ጻፍን።