«አልወለድኩህም» ሲባል

አባቴ በስልክ «አልወለድኩህም፤ ስሞትም እንዳትቀብረኝ» ሲለኝ ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። የተጣላነው በወንድሜ ስም በተገዛ ቤት ነው። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ያቺ «እሺ» ስድስት ዓመት ፈጀች።

አገር ቤት ቢሆን ቃሉ ሜዳ ላይ አይቀርም። ጎረቤት ይሰማል፣ እናት ታለቅሳለች። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። «እንዳትቀብረኝ» ያለው አባት እምቢ እያለም ቢሆን የሚጠብቀው እነሱን ነው። እዚህ ግን ዋትስአፕ ብሎክ ይደረግና በቃ። ሽማግሌ በየት ይግባ?

ስለዚህ ከተካዳችሁ ዝም አትበሉ። ገንዘብም አትላኩ። እኔ 500 ዶላር ልኬ «ሊገዛኝ ነው?» ተብሎ ሳይነካ ተመለሰ። ይልቅ ሰው ላኩ፤ ያውም እሱ ፊቱን የሚያፍረውን ሰው። ለእኔ የሆነልኝ የክርስትና አባቴ ነው።

ውርስንም ብዙዎች ይሳሳቱታል። በንዴት የተነገረ «ክጄሃለሁ» በሕግ ልጅነታችሁን አይፍቅም። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወላጅ ልጁን ከውርስ መንቀል ይችላል። ግን በኑዛዜ፣ በግልጽ፣ ምክንያቱንም ጽፎ መሆን አለበት። ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ደግሞ ፍርድ ቤት ያያል። (ውርሱን እያሰባችሁ ሽማግሌ ብትልኩ ግን ይታወቅባችኋል።)

ይበልጥ የምፈራው እዚህ ልጅ ለምታሳድጉት ነው። ማታ አምሽታ የገባችን የ19 ዓመት ልጅ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም» ትሏታላችሁ። እናንተ ጠዋት እግራችሁ ላይ እንድትወድቅ ነው የፈለጋችሁት። እሷ ይህን ከየት ታውቃለች? ሽማግሌ መላክ አልተማረችም፤ አጎትም አክስትም አጠገቧ የሉም። ቃሉን እንደወረደ ትወስደዋለች። ሻንጣዋን ይዛ ጓደኛዋ ጋ ትገባለች፣ ስልኳንም ትቀይራለች። የዚህ ዓይነት ቤት ከአንድም ሁለት አይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ካመለጣችሁ ሽማግሌ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ሂዱና በሯን አንኳኩ። ትልቅነታችሁ አይቀንስም።

እኔ አገር ቤት ገብቼ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። «ከስተሃል፤ እዚያ አትበላም እንዴ?» አለኝ። የቤቱን ነገር እስካሁን አላነሳነውም።