የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የሚያሳየው ኢሲጂ

ጥያቄ፦ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ላብራቶሪ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የሰጠኋቸው ሥራ ኤዲ620 በተባለ ቺፕ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ) አምፕሊፋየር፣ ማለትም ማጉያ፣ ሠርተው በአርዱዊኖ ኡኖ (ምልክቱን ወደ ቁጥር በሚቀይር ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነው። ሰርኪዩቱ በፋንክሽን ጄኔሬተር (የሙከራ ምልክት በሚያመነጭ መሣሪያ) ሲፈተሽ ይሠራል፤ ኤሌክትሮድ (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ምልክት መቀበያ) ሲገጠምለት ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚወጣው። ቺፕ ብንቀይርም ያው ነው።

መልስ፦ ቺፑን አይውቀሱት። የልብ ምልክት ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ተማሪዎችዎ በአንድ ጊዜ 1,000 እጥፍ አጉልተውት ይሆናል። ኤሌክትሮድ ግን ቆዳ ሲነካ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል። የሁለት ኤሌክትሮዶች ልዩነት እስከ 300 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል ተብሎ ነው መሣሪያው የሚነደፈው። 10 ሚሊቮልት ብቻ ቢሆን እንኳ በ1,000 ሲባዛ 10 ቮልት ይሆናል፤ በ9 ቮልት ባትሪዎች የሚሠራ ቺፕ እዚያ መድረስ ስለማይችል ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፋንክሽን ጄኔሬተሩ ይህ ቋሚ ቮልቴጅ ስለሌለው ስህተቱን ደበቀው።

ማጉላቱን ለሁለት ይክፈሉት። የኤዲ620 ጌይን (ምልክቱን የሚያጎላበት እጥፍ) የሚገኘው 49.4 ኪሎኦምን ለውጭው ሬዚስተር አካፍሎ 1 በመደመር ነው፤ 5.6 ኪሎኦም ቢያስገቡ 9.8 ይሆናል። ከዚያ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 330 ኪሎኦም ሬዚስተር ቋሚውን ቮልቴጅ ያስቀራሉ፣ 0.5 ሄርዝ ገደማ ላይ። ሁለተኛው አምፕሊፋየር የቀረውን 100 እጥፍ ያጉላ። በመጨረሻ 39 ኪሎኦምና 100 ናኖፋራድ ከ40 ሄርዝ በላይ ያለውን ያዳክማሉ። ይህ የልብ ምትን ለመከታተል ይበቃል፤ ሐኪም የሚመረምርበት ኢሲጂ ግን ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ይፈልጋል። አርዱዊኖው ከ0 እስከ 5 ቮልት ብቻ ስለሚያነብ ሁለተኛውን አምፕሊፋየር በ5 ቮልት አሠርተው ምልክቱን 2.5 ቮልት ላይ ያስቀምጡት።

ፍተሻውንም ያክብዱት። የጄኔሬተሩን 1 ቮልት በ100 ኪሎኦምና በ100 ኦም ቢከፍሉት 1 ሚሊቮልት ያገኛሉ። በተጨማሪ የ1.5 ቮልት ባትሪ በ3.9 እና በ1 ኪሎኦም ከፍለው፣ በ1 ኪሎኦሙ ላይ የሚገኘውን 0.3 ቮልት ከአንዱ መግቢያ ጋር በተከታታይ ያስገቡ። ይህን ያላለፈ ሰርኪዩት ኤሌክትሮድ አይሰጠው።

ጥያቄ፦ የሠራነው ፕሮግራም ዕረፍት ላይ ያለን ሰው ምት በደቂቃ 195 ይላል። በጣት ስንቆጥር 75 ነው። በሰከንድ 500 ናሙና እንወስዳለን።

መልስ፦ አትወስዱም። ሴሪያሉን (አርዱዊኖው ለላፕቶፑ መረጃ የሚልክበትን መስመር) 9600 ፍጥነት ላይ ትታችሁት መሆን አለበት። በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ብቻ ያልፋል። አንድ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ከመስመር ማብቂያው ጋር 5 ባይት ስለሆነ፣ የሚያልፈው ናሙና 192 ነው፤ የቀረውን ጊዜ ፕሮግራሙ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ስሌታችሁ ግን 500 ናሙና ሲቆጠር አንድ ሰከንድ አለፈ ስለሚል፣ 75ን በ500 አባዝታችሁ ለ192 ብታካፍሉት ያቺው 195 ትመጣለች! ፍጥነቱን 115200 አድርጉት፤ ናሙናውንም በዲሌይ (ፕሮግራሙን ለጥቂት ጊዜ በሚያቆም ትእዛዝ) ሳይሆን በየ2 ሚሊሰከንዱ በሚጠራ ታይመር ኢንተራፕት (ሰዓት ቆጣሪው ሌላውን ሥራ አቋርጦ በሚያስጀምረው ኮድ) ውሰዱ። መምህራንም ይህችን ስሌት ኮድ ከመጻፉ በፊት በወረቀት ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው የ50 ሄርዝ ረብሻ አስቸገረን። ኖች ፊልተር (አንድን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚያጠፋ ማጣሪያ) እንጨምር?

መልስ፦ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ቆዳውን በአልኮል ጥረጉ፣ ገመዶቹን አንድ ላይ ጠምዝዙ፣ የቀኝ እግር ድራይቭ (ረብሻውን ገልብጦ ወደ ሰውነት የሚመልስ ሰርኪዩት) ጨምሩ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በ500 ናሙና የ10 ተከታታይ ናሙናዎች አማካይ 50 ሄርዝን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ ግን ከ22 ሄርዝ ገደማ ጀምሮ ምልክቱን ስለሚያዳክም የአር ሞገድን (በእያንዳንዱ ምት የሚታየውን ረጅሙን ጫፍ) ቁመት ያሳጥራል።

የቻርጀሩ ነገር የረብሻ ብቻ አይደለም። ሰው ላይ ኤሌክትሮድ እያለ ላፕቶፑ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በምንም መልኩ አይገናኝ፤ በየኤሌክትሮዱ ገመድም 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ይግባ። በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60601 መስፈርት መሠረት በቀጥታ ልብን ለሚነካ መሣሪያ ወደ ታካሚው የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ በመደበኛ ሁኔታ ከ10 ማይክሮአምፔር አይበልጥም። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ የተገጠመ ሰርኪዩት ይህን አያረጋግጥምና ታካሚ ላይ አይሞከርም።