ቃር ሌሊት ለሚያስነሳሽ እህቴ፡ መጀመሪያ እራት በስንት ሰዓት እንደምትበይ እዪ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ሌሊት ሌሊት ቃር እየቀሰቀሰኝ ነው፣ ኪኒን ሳልውጥ በተፈጥሮ መንገድ እንዴት ልገላገል፣ ወተትም ሎሚ በሙቅ ውሃም ሞክሬ አልሆነልኝም ነው ያልሽው። እኔ ከዚህ ነገር ጋር ስድስት ዓመት ታግያለሁ ስለዚህ ረዘም ቢልብሽም ታግሰሽ አንብቢልኝ።

የምሰራው መሀል ከተማ ነው፣ ቤቴ ደግሞ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም። 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ተሰልፌ ቤት ስደርስ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል፣ ቀኑን በማኪያቶና በአንድ ሳምቡሳ ነው የምውለው፣ ከዛ እራት ላይ የቀኑን ረሃብ ሁሉ በአንዴ እወጣዋለሁ፣ ቀይ ወጥ ካለ ቀይ ወጥ ከሌለ ሽሮ በቃሪያ፣ ጥግብ ብዬ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ድክም ብሎኝ እተኛለሁ። 7 ሰዓት ገደማ ከደረቴ እስከ ጉሮሮዬ እሳት የመሰለ ነገር ይነሳና አፌ ኮምጣጣ ውሃ ይሞላል፣ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። የነገርኩት ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው አለኝ፣ እኔም ጨጓራ ነው ብዬ ከፋርማሲ እየገዛሁ ሽሮፕ ስጠጣ ኖርኩ።

በኋላ አንዲት ሀኪም ቁጭ አድርጋ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት የሚዘጋ ጡንቻ አለ፣ እሱ ሲላላ ወይ ጨጓራ ከልክ በላይ ሲሞላ አሲዱ ወደላይ ይመለሳል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን አለው፣ ቧንቧው ግን እንደዛ ያለ መከላከያ ስለሌለው ነው የሚያቃጥለን። ቆመን ወይ ተቀምጠን ስንሆን አሲዱ ታች ይቀራል፣ ከእራት በኋላ ወዲያው ስንጋደም ግን መንገዱን እኛው ነን የምናመቻችለት። ስለዚህ እህቴ ምን ልጠጣበት ከማለትሽ በፊት በስንት ሰዓት ነው የምበላው እንዴትስ ነው የምተኛው በይ፣ የኔ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ያደረግኩት ምሳ ቋጥሬ መሄድ ጀመርኩ፣ ዋናው ምግቤ እሱ ሆነ፣ 10 ሰዓት ላይ ሙዝ ወይ ዳቦ እቀምሳለሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ትንሽ አልጫ በአፍለኛ እንጀራ ወይ ሾርባ በቃ። የኮመጠጠ እንጀራ ማታ ማታ ለኔ አይሆነኝም። ከበላሁ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳልቆይ ጎኔን አላሳርፍም፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ የልጆቹን ደብተር አያለሁ፣ መቀመጥ እንጂ መጋደም የለም። በጣም ካመሸሁ ደግሞ እራቱን ቀነስ ነው የማደርገው።

ሁለተኛው አልጋው ነው። አናፂ ጋር ሄጄ የጣውላ ቁራጭ አስቆርጬ በራስጌ በኩል ካሉት የአልጋ እግሮች ስር አደረግኩ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። ትራስ መደራረብ አይሰራም፣ አንገትሽን አጉብጦ ሆድሽን ያጣጥፈዋል እንጂ ደረትሽን ከፍ አያደርገውም። በግራ ጎንሽ መተኛትም ልመጂ፣ በጨጓራችን አቀማመጥ ምክንያት በግራ ስንተኛ አሲዱ ከቀለበቱ በታች ይቀራል። እኔ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አድርጌ በሳምንት አምስት ሌሊት የነበረው ወደ አንድ ወረደልኝ።

ምግብ ላይ ሁሉም ሰው የየራሱ አለው፣ ሁለት ሳምንት የበላሽውን ስልክሽ ላይ ፃፊው ራስሽ ታገኚዋለሽ። የኔ ቲማቲም ስልስ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቅቤ የበዛበት ነገር እና በባዶ ሆድ ቡና ሆኖ ተገኘ። ቡና አልተውኩም፣ ከምሳ በኋላ አቦሏን ጠጥቼ አቆማለሁ፣ ቶናና በረካ ቀርተዋል። አምቦ ውሃና ለስላሳም ጋዙ ሆድ ይነፋና ቀለበቱን ይገፋዋል። ናና ሻይ ለሆድ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ለቃር ግን ናና ያንን ጡንቻ ያላላዋል። መቀነት ወይ ሆድ የሚያስር ልብስ ጥብቅ አድርገሽ የምትውዪ ከሆነም ፍቺው፣ ክብደት ካለሽ ትንሽ መቀነስም በጣም ይረዳል።

ወተቱን በተመለከተ ለጊዜው ያበርድልሻል፣ ግን ጨጓራ መልሶ አሲድ ስለሚያመነጭ ተመልሶ ይመጣል። ሎሚ ራሱ አሲድ ነው፣ ተይው። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ቶሎ ያስታግሳል እውነት ነው፣ ግን ሶዲየሙ ብዙ ስለሆነ ግፊት፣ የልብ ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውና እርጉዝ ሴት አይንኩት፣ ለሌላውም የየቀን ነገር አይደለም። ለኔ የተስማማኝ ተልባ ነው፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ በውሃ ተበጥብጦ ተጠልሎ አንድ ስኒ፣ ግን ከእራት በፊት እንጂ ልተኛ ስል አልጠጣም፣ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነም ሰዓቱን አራርቂው።

ፆም ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ እላለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሎ በባዶ ሆድ ዘይትና በርበሬ የበዛበትን በአንዴ መሙላት ያባብሰዋል። ፋሲካ ሌሊት ከቤተክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ተልባ አጠጥታን ዶሮው ይከተል ነበር፣ ከዛ ቀጥታ እንቅልፍ። አሁን እኔ ለዛች ሌሊት ብቻ ተልባዋንና ትንሽ እንቁላል ቀምሼ እተኛለሁ፣ ዶሮውን ጠዋት ነው የምበላው። ሙስሊም እህቶቼም ረመዳን ላይ ሱሁር በልቶ ወዲያው መተኛት ያው ነው ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ኦሜፕራዞል የሚባለውን አሲድ የሚቀንስ ኪኒን 8 ሳምንት ወስጃለሁ፣ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ የቆሰለው እንዲድን። የሰገራ ምርመራም ታዞልኝ ነበር፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ካለ በተልባ አይጠፋም፣ በሀኪም የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ሲውጡ ምግብ የሚያንቅ ከሆነ፣ ያለምክንያት ከከሳሽ፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይ ደም ካስመለሰሽ ቤት አትቀመጪ። ደረትሽን ተጭኖ ወደ ክንድሽ ወይ መንጋጋሽ የሚሄድ ህመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ ቃር ነው ብለሽ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

እስቲ ሁለት ነገር መልሺልኝ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ? ለወገብ ወይ ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይ አስፕሪን ቶሎ ቶሎ ትወስጃለሽ? እነሱ ጨጓራ ስለሚጎዱ ነው የምጠይቅሽ።