የፕራይቬሲ ፖሊሲው ሊንክ ላንቺ ተከፍቶ ለእንግዳ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ለላሊበላው የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ የፕራይቬሲ ፖሊሲ (የእንግዶችን የግል መረጃ እንዴት እንደምትይዙ የሚገልጸው ገጽ) ሊንክ ከግርጌ አስገብተሽ፣ ላንቺ ሲከፈት እንግዶቹን ግን «ገጹ አልተገኘም» ይላቸዋል ብለሻል። በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር) የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገጹ ድራፍት፣ ማለትም ገና ረቂቅ መሆኑ ነው። ከ4.9.6 ቨርዥን (2018 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዎርድፕረስ ሲጫን የፖሊሲ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ግን ፐብሊሽ አልተደረገም፣ ማለትም ለሕዝብ አልተለቀቀም። አንቺ ሎግ ኢን ስላደረግሽ ያሳይሻል፣ ሌላው አያየውም። የለጠፍሽው አድራሻ ጫፉ ላይ በእንግሊዝኛ «ፕሪቪው» የሚል ካለበት ከድራፍቱ ነው የቀዳሽው።

ፐብሊሽ ከማድረግሽ በፊት ግን አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥሪው፤ «ፕራይቬሲ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል። በአማርኛ ከተውሽው እያንዳንዱ ፊደል ሲቀዳ ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል። «የግላዊነት ፖሊሲ» ብቻውን 82 ምልክት ይሆናል፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ከ200 በላይ ስለማይዝ ረዘም ያለ ርዕስ መሀል ላይ ይቆረጣል። በቴሌግራም ሲላክም ዓይን አይገባም። በኋላ ከቀየርሽው የድሮው ሊንክ ሊሰበር ስለሚችል አሁኑኑ ጨርሺው።

ፐብሊሽ ካደረግሽው በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ከፍተሽ ገጹን ምረጪ። ይሄ ሊንኩን ሎግ ኢን ማድረጊያው ስር ያወጣዋል እንጂ ፉተርሽ (የገጹ ግርጌ) ላይ ላያስቀምጠው ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጨረስኩ ብሎ ይተወዋል። ለፉተሩ፣ የቆየ ቴም (የድረ ገጹ ንድፍ) ከሆነ አፒራንስ፣ ከዚያ ሜኑስ፤ አዲሱ ዓይነት፣ የብሎክ ቴም ከሆነ አፒራንስ፣ ከዚያ ኤዲተር ገብተሽ ፉተሩን ክፈቺ። አድራሻውን በእጅ አትጻፊ፣ ገጹን ፈልገሽ ምረጪው። ክፍል ማስያዣው ፎርም ላይም «ላክ» ከሚለው ቁልፍ በላይ ድገሚው፤ ሰው መረጃውን የሚሰጠው እዚያ ነውና።

የጽሑፉን ነገር ካነሳን፣ ከሌላ ድረ ገጽ ገልብጠሽ ከሆነ ይቅርብሽ። የላሊበላ ማረፊያ «የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች መብት» ብሎ ሲጽፍ ያስቃል። ለገና ክፍል የሚይዝ እንግዳ ስም፣ ኢሜይል፣ ፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ሰዓት ይሞላላችኋል፤ እያንዳንዱን ለምን እንደምትጠይቁ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋና ይጥፋልኝ ለሚል በየት እንደሚጻፍላችሁ አስፍሪ። የፓስፖርቱ ቁጥር ሲደርስ የምትመዘግቡት ከሆነ ከፎርሙ አውጪው፣ ያልሰበሰብሽውን መጠበቅ የለብሽም። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከአውሮፓ እንግዳ የምትስቡ ከሆነ ደግሞ ከሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግም ሊመለከታችሁ ይችላል።

በመጨረሻ ካሽ (የገጾችን የቆየ ቅጂ) የሚይዝ ፕለጊን ካለሽ ካሹን አጽጂና ከስልክሽ በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ሎግ ኢንሽን በማያስታውሰው የብራውዘር መስኮት ክፈቺው። ሎግ ኢን ባደረግሽበት ብራውዘር ብትሞክሪው ያው እንደበፊቱ ይከፈትልሻል።