ቀበርቾን የሚመለከቱ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ቀበርቾ ብለው የሚሸጡልኝ አንዳንዴ ምንም ሽታ የለውም። እውነተኛውን በምን ልለየው?

መልስ፦ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ያሽትቱ። ቀበርቾ ለሽታው የሚጤስ ሥር ነው፤ ደህናው ሳይጤስም ይሸታል። ዝም ካለ ወይ አርጅቷል፣ ወይ የሌላ ተክል ሥር ነው። ኤኪኖፕስ ከሚባለው ወገን በአገራችን 12 ዝርያዎች አሉ፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይበቅሉት 4 ናቸው፤ ቀበርቾ አንዱ ነው። ሁሉም እሾሃማ፣ አበባቸውም ድቡልቡል ስለሆነ ቆፋሪው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ደግሞ ዱቄቱን አይግዙ፤ ሲፈጭ ዘይቱ ቶሎ ይተናል፣ ባዕድ ነገር ለመቀላቀልም ይመቻል።

ጥያቄ፦ ሳጨሰው ሽታው ሳይሆን ጭሱ ብቻ ቤቱን ይሞላዋል፤ ያስለኛልም።

መልስ፦ ብዙ ጨምረዋል፣ ወይም ከሰሉ አልቀላም። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው ጥቁረቱ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ያስገቡ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ቁራጭ ለአንድ ክፍል ትበቃለች። ነበልባል ካነሳች ዘይቱ ተቃጠለ ማለት ነው፤ ፍሙ ላይ አመድ ነስነስ ያድርጉ። መስኮት ሳይከፍቱ ግን በፍጹም አያጭሱ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። አራስ ከነሕፃኗ ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል ይቅር። ትኩሳት የያዘው ሰውም በቀበርቾ ጭስ እድናለሁ ብሎ ቀን አይግደል፤ ታይፈስም ሆነ ወባ በምርመራ ታውቆ በመድኃኒት ነው የሚድነው።

ጥያቄ፦ ስቆርጠው እጄን ያሳክከኛል።

መልስ፦ ጓንት ያድርጉ። በሥሩ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ዲሃይድሮኮስተስ ላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ዳር በቅሎ አገኘሁት። ልንቀለው?

መልስ፦ እባክዎ አይንቀሉት። ቀበርቾ እየጠፋ ያለው ሥሩ ከነአንገቱ (ግንድና ሥር ከሚገናኙበት ጋር) ስለሚነቀል ነው። በበጋ ግንዱ ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ከዚያው አንገት ያቆጠቁጣል። ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ይጠብቁ። ከዚያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው በአንድ ጎን ብቻ ይቆፍሩ፤ አንድ ወይም ሁለት ወፍራም ሥር በስለት ቆርጠው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይተዉለት፣ አፈሩንም መልሰው ይርገጡት። በሚቀጥለው ዓመት አይንኩት። የወሰዱትን አጥበው ጥላ ውስጥ ሳይደራርቡ ያስጡ፤ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እርጥቡን ከረጢት ውስጥ ከከተቱት ይሻግታል።

ጥያቄ፦ ዘሩን ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝ።

መልስ፦ ያ ድቡልቡል ነገር አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፣ እያንዳንዷም አንድ ፍሬ ብቻ ትይዛለች። ባዶዎቹን ለመለየት በሁለት ጣት ይጫኑ፤ ጠጠር የሚለውን ብቻ ይያዙ። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ደባልቀው 1 ሴንቲ ሜትር ገባ አድርገው ይዝሩ። ውኃ ሲበዛ ቡቃያው ከግርጌው ይበሰብሳል። የችግኝ ፕላስቲኩ ቁመት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አጭር ከሆነ ሥሩ ታጥፎ ይጠቀለልና ቢተከልም አይጠናም። ክረምቱ እንደገባ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ፤ ውኃ የሚያቁር ቦታ አይሆነውም።